ለቶማሃውክ የሚሆን ዛቢያ፦ አንድ ጥያቄና 31 መልሶች

ጥያቄውን ያቀረበው ሰው የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነው። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሙ ቶማሃውክ የሚባለውን ትንሽ መጥረቢያ ልኮለታል። የደረሰው ግን ብረቱ ብቻ ነው፤ ዛቢያ የለውም። ሱቅ ወስዶ ቢያስመዝነው 550 ግራም ሆነ። ጀርባው መዶሻ የለውም። የዛቢያው ቀዳዳ ከኋላ ክብ ሆኖ ወደ ስለቱ በኩል ሾጠጥ ይላል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ዛቢያው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን? ሚዛኑስ የት ላይ ቢያርፍ ነው ጥሩ የሚባለው? መጥረቢያውን የሚፈልገው ቅርንጫፍ ለመመልመል፣ ቀጫጭን እንጨት ለመፍለጥና መንገድ ሲሄድ በወገቡ ሽጦ ለመያዝ እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ አልፏል።

ያቺን ዐረፍተ ነገር ልብ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ የመጣውም ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ግንድ ለሚጥል ፋስ መልስ ሰጠ፤ ሌላው ለሚወረወር፤ ሦስተኛው ገበሬ በትከሻው ለሚይዘው ጥልቆ። ሁሉም ለየራሱ ሥራ እውነት ተናግሯል፤ ግን ሥራው ሳይለይ ስለ ርዝመት መከራከር መቋጫ የለውም። መልሶቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤያቸዋለሁ። ብዙ ዕውቀት ስላለባቸው ተበታትነው እንዳይቀሩ እዚህ ልተርካቸው።

1ኛው መልስ ሰጪ ከዳንግላ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ለወንድምየውም ጤና ተመኝቶ፣ በእነርሱ አካባቢ ልኬቱ በገላ ነው አለ። ለትልቁ ፋስ ከብብት እስከ ጣት ጫፍ፣ ለትንሹ ደግሞ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ፣ ማለትም አንድ ክንድ። 2ኛው ከፍኖተ ሰላም ሆኖ በዚህ ተስማማ፤ ነገር ግን ጣት ተጨብጦ መለካት አለበት ብሎ አረመ። እጅ ሲዘረጋና ሲጨበጥ ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በአንድ ሰው ክንድ ላይ ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚሆነው ሲጨበጥ ወደ 36 ወይም 38 ይወርዳል። ሁለቱም በትሕትና ነው የተነጋገሩት። በገላ መለካት ያረጀ ነገር ነው ብለው በኋላ የሚያጣጥሉ መጥተዋል፤ እኔ ግን ልኬቱ መነሻ ለመያዝ እንደሚበቃ አልጠራጠርም። መጥረቢያውን የሚያነሣው ያው ክንድ ነውና ክንዱን መለካት አግባብ ነው።

በ3ኛው መልስ አንድ ሰው ቶማሃውክ ሚሳኤል አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሚሳኤል የመጥረቢያ ብረት ሆኖ በፖስታ እንዴት እንደመጣ ግራ ገብቶታል። 4ኛው፣ የታሪክ መምህር ይመስለኛል፣ በትዕግሥት አስረዳው። ሚሳኤሉ ስሙን የወሰደው ከመጥረቢያው ነው፤ በጦርነት ላይ መጀመሪያ የዋለውም እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። መጥረቢያው ግን የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም የአልጎንኪን ቋንቋዎች ተናጋሪዎች መሣሪያ ነበር። መጀመሪያ ራሱ ድንጋይ ነበር፤ አውሮፓውያን ነጋዴዎች ሲመጡ ብረት ሆነ። ዛቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የሚሠራውም ሂኮሪ ከሚባል በዚያ አገር ከሚበቅል ጠንካራና ተለማጭ እንጨት ነው። አንዳንዱ በጀርባው የትምባሆ ጋያ ነበረው፤ ዛቢያውም ውስጡ ክፍት ሆኖ ይጨስበት ነበር። ይህ መልስ ከርዕስ የወጣ ቢመስልም ጠቅሟል። ዕቃው በተፈጠረበት አገር አንድ እጅ የሚያነሣው፣ ለጉዞ የሚመች ነገር እንደነበረ ካወቅን ጥያቄው ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።

5ኛው መልስ የውይይቱ ምሰሶ ነው። የጻፉት የቢቸና አናጺ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ባይናገሩም አባታዊ አነጋገራቸው ያስታውቃል። ከሁሉ በፊት ብረቱ የሚገባበትን አቅጣጫ ጠየቁ። በሱቅ የሚሸጠው መጥረቢያ ዛቢያው ከታች ገብቶ ከላይ በሽብልቅ ይወጠራል። የቶማሃውክ ግን እንደ ዶማ ነው፦ ዛቢያው ከላይ ወፍሮ ወደ ታች እየሰለለ ይሄዳል፤ ብረቱ በቀጭኑ ጫፍ ገብቶ ወደ ላይ ይሳብና በወፍራሙ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ሽብልቅም ምስማርም አያሻውም። ስለዚህ ዛቢያውን ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አትጥረበው አሉት። ከቀዳዳው ጋር የሚገናኘውን ክፍል በከሰል ወይም በጥላሸት እየፈተነ እንዲሠራም መከሩት። የቀዳዳውን ውስጥ ጥላሸት ቀብቶ ብረቱን ሲያስገባና ሲያወጣ እንጨቱ ላይ የሚጠቁረው ቦታ የሚያጨናንቀው ነው፤ ያንን ብቻ በብርጭቆ ስባሪ ይፋቀው። እንደገና ያስገባ፤ እንደገና ይፋቅ። ጥቁሩ በየቦታው እኩል ሲያርፍ ብረቱ ተቀመጠ ማለት ነው። በሞረድ ቢቸኩሉ ግን አንድ ጊዜ የተነሣ እንጨት አይመለስም።

ስለ ርዝመቱ ሲመጡ ቁጥር አልሰጡም። ከምታስበው ርዝመት አንድ ጋት አስበልጠህ ጀምር፤ ሥራበት፤ ከዚያ ከታች ሁለት ሁለት ጣት እየቆረጥህ ሂድ አሉት። ማሳጠር ይቻላል፣ ማስረዘም አይቻልም። እኔ ከ31ዱ መልሶች አንዱን ብቻ አስቀምጥ ብባል ይህን ነው የማስቀምጠው።

6ኛው ሰው ብረቱ ያለ ሽብልቅ ተንሸራቶ ሰው ላይ ቢወድቅስ ብሎ ሰጋ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አናጺው በ7ኛው መልስ ተመልሰው፣ መጥረቢያ ሲወዛወዝ ብረቱ የሚሸሸው ወደ ውጭ፣ ወደ ዛቢያው ጫፍ መሆኑን አስረዱ። ጫፉ ወፍራም ስለሆነ በተመታ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ብረቱን ለማውለቅ ሲፈለግ ብረቱን ራሱን ከላይ በእንጨት መዶሻ መታ መታ አድርጎ ወደ ታች፣ በቀጭኑ ጫፍ ማውጣት ነው። ዛቢያው መንገድ ላይ ቢሰበር እንኳ ሌላ እንጨት ጠርቦ ማስገባት ይቻላል። ከዚሁ ጋር የተሰበረ እንጨት ቀዳዳው ውስጥ ሲቀር ብረቱን እሳት ውስጥ ጨምረው የሚያቃጥሉ ሰዎች እንዳሉ ጠቅሰው አጥብቀው ከለከሉ። ስለቱ በቀጥቃጩ እጅ ያገኘው ጥንካሬ በእሳቱ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ቢስሉት ቢስሉት ይዶለዱማል። በመሮ ፈልፍሎ ማውጣት ነው የሚሻለው።

8ኛው የፊዚክስ መምህር ነው፤ እርሱም ከደብረ ማርቆስ። ስሌቱን ሠርቶ አመጣ። ዛቢያው ደረቅ ወይራ ከሆነ፣ ውፍረቱም በአንድ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር የሆነ እንቁላል ቅርጽ ቢኖረው፣ በ40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት እንጨቱ ብቻውን 230 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብረቱ ሲጨመር ሚዛኑ ከላይኛው ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። በ50 ሴንቲ ሜትር ወደ 10 ተኩል ይወርዳል፤ በ60 ደግሞ ከ13 ያልፋል፤ ጠቅላላ ክብደቱም ወደ 900 ግራም ይጠጋል። እንጨቱ ወይራ መሆኑ ቀርቶ ዋንዛ ቢሆን በ50 ሴንቲ ሜትር እንኳ ሚዛኑ ከላይ 7 ተኩል ላይ ይቀራል፤ ዋንዛ ቀላል ነውና። ሲዘረዝር የርዝመት ጥያቄ ብቻውን እንደማይቆም አሳየ። ብረቱ ስንት ይመዝናል፣ እንጨቱ ምንድን ነው፣ ምን ያህል ይወፍራል የሚሉት ካልታወቁ 45 ወይም 55 ማለት ትርጉም የለውም። ሚዛኑ ወደ ብረቱ ሲጠጋ ስለቱ በራሱ ክብደት ወደ እንጨቱ ይገባል፤ የእጅ አንጓን ግን ያደክማል። ወደ እጅ ሲመጣ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ምቱ ግን ይለዝባል። ለተጠየቀው ሥራ፣ ለመመልመልና ለቀጭን እንጨት፣ ከላይ ከ8 እስከ 10 ባለው መካከል ቢያርፍ ይመርጣል። ይህንንም በአንድ ጣት ላይ አጋድሞ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እስከዚህ ድረስ ውይይቱ የጨዋ ነበር። 9ኛው መልስ ሰጪ ሲገባ ድምፁ ተቀየረ። የመምህሩን ስሌት የወረቀት ላይ መጥረቢያ ነው ብሎ ጣለው። ወደ ቢቸናው አናጺ ዞሮም አንተ እያለ፣ ጥላሸት መቀባት ጊዜ ማባከን ነው፣ በዘመኑ ማሽን አለ አላቸው። 10ኛውና 11ኛው ወዲያው ተነሡበት። ስለ መጥረቢያ አልነበረም የተቆጡት፤ ስለ አንተ ነው። አባትህ ሊሆኑ ለሚችሉ ሰው፣ ያውም ሳይጠየቁ ዕውቀታቸውን ለለገሡ፣ እንዲህ አይባልም አሉት። ሌሎች ሁለት ደግሞ ከኋላ ተጨመሩ፤ በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ልጁ አንድ ቃል ተናግሮ አራት ሰው ወረደበት። በ16ኛው መልስ ሲመለስ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን አናጺውን እርስዎ ብሎ ነው የጠራቸው። እርሳቸውም ያለፈውን ሳያነሡ ስለ ማሽኑ መለሱለት። የተገኘ እንጨት በማሽን ሲላግ ማሽኑ የእንጨቱን መስመር አይከተልም፤ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። መስመሩ በሰያፍ ወጥቶ ከቀረ ዛቢያው አምሮ ይታያል፤ በመጀመሪያው ከባድ ምት ግን በዚያ ሰያፍ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለዛቢያ የሚሆን እንጨት በማሽን አይቆረጥም፣ ይፈለጣል፤ ሲፈለጥ ራሱ በመስመሩ ይሄዳል። ከጫፉ ሲያዩት የዕድገት ቀለበቶቹ ከጀርባ ወደ ስለት የሚሄዱ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ምንም ቁጣ ነው የጻፉት። ልጁም አመስግኖ ሄደ።

በመካከል 13ኛው መጣ፤ የአዊ ሰው፣ ከፋግታ ለኮማ። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል ያከስላል፤ እርሱም ሥራው ይኸው ነው። ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ያለ ዛቢያ መጫወቻ ነው አለ። ሰዉ ተቆጣው እንጂ ምክንያቱ ጥሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሞ፣ በሁለት እጅ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆርጥ ሰው አጭር ዛቢያ ከያዘ ወገቡ ይቆረጣል። ረጅሙ ስለቱን ሰፊ ክብ ስለሚያስኬደው በአንድ ዓይነት የክንድ እንቅስቃሴ የበለጠ ፍጥነት ያገኛል። የፊዚክስ መምህሩም ደገፈው፦ የምቱ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ትንሽ ፍጥነት ብዙ ይጨምራል። ነገር ግን የአዊው ሰው ፋስ ብረት የቶማሃውኩን ከሁለት እጥፍ በላይ ይመዝናል። 550 ግራም ብረት በ80 ሴንቲ ሜትር ወይራ ላይ ቢሰካ የዛቢያው ክብደት ወደ ብረቱ ይጠጋና በዱላ የመምታት ያህል ነው። የአዊው ሰው ይህን ሲሰማ ለራሱ ዕቃ እንጂ ለዚህኛው እንዳልተናገረ አምኖ ሐሳቡን አስተካከለ። በጨዋ ደንብ የተቋጨ ክርክር ይህ አንዱ ነው።

ቀጥሎ ያለው 14ኛው መልስ ግን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። የጻፈችው ፍኖተ ሰላም ጠላ እየጠመቀች የምትሸጥ ሴት ናት። እንጨቷን ራሷ ትፈልጣለች፤ ግቢዋ ጠባብ ስለሆነ ረጅም ፋስ ማወናጨፍ አይመቻትም። ሁሉም ስለ ጉልበትና ስለ ሚዛን ሲያወሩ ስለ እግር ያነሣ የለም አለች። ረጅም ፋስ ሲስት መሬት ነው የሚመታው። አጭር መጥረቢያ ሲስት ክቡን ሳይጨርስ ወደ ሰውየው ይመለሳል፤ የሚያገኘው ቅልጥምን ወይም ጉልበትን ነው። ስለዚህ እርሷ በትንሹ መጥረቢያ ስትፈልጥ ትንበረከካለች፤ ፍልጡንም በሰፊ ጉማጅ ላይ ታቆማለች። ተንበርክካ ብትስት ስለቱ ጉማጁን ወይም መሬቱን ያገኛል። እጅግ ትክክል ናት። ዛቢያውን ከ40 ሴንቲ ሜትር በታች ለማሳጠር የሚያስብ ሰው ይህን ሳያነብ መጋዝ ባያነሣ እመኛለሁ። ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ እትዬ እያሉ ጠቀሷት፤ 22ኛው ደግሞ ስለ ጠላዋ ጠየቃትና ጋኑን በወይራ ማጠን እንደምትመርጥ፣ የደረቀ ሳይሆን ትንሽ እርጥበት ያለው ቅርንጫፍ ጢሱ እንደሚበረክት ነገረችው። ለጥቂት መልሶች መጥረቢያው ተረስቶ ጠላ ሆነ።

የወይራ ነገር ከተነሣ ዘንድ ከባዱ ጠብ ራሱ በወይራ ነው። 17ኛው ሰው ጥሩ ወይራ በየገበሬው ማሳ ስለማይገኝ በአቅራቢያ ካለ የቤተ ክርስቲያን ደን አንድ ቅርንጫፍ ቢቆርጥ ማን ያየዋል የሚል ምክር ሰጠ። 18ኛው በቁጣ መለሰ። ጎጃም ላይ ነባር ወይራ፣ ጥድና ዝግባ የቀረው በአብዛኛው በደብሮቹ ዙሪያ ነው። በዙሪያው ያለው ተጨፍጭፎ እርሻ ሲሆን ያ የተረፈው ሰው ስለፈራውና ስላከበረው ነው። አንዱ ለዛቢያ፣ አንዱ ለከዘራ፣ አንዱ ለማጠኛ እያለ ቢቆርጥ አጥሩ ብቻ ይቀራል አለ። 17ኛው አንድ ቅርንጫፍ ደን አያጠፋም ብሎ ተከራከረ፤ 18ኛው የሌባ ምክር ነው አለው፤ ከዚያ ወዲያ የተነጋገሩት ለመድገም አይመችም። እኔ ያለ ምንም ማመንታት ከ18ኛው ጋር ነኝ። ደግሞም በሙያው በኩል ቢታይ እንኳ ምክሩ መጥፎ ነው። ቅርንጫፍ በጎን ተንጠልጥሎ ስላደገ በአንድ ወገን የታጨቀ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል። መካከሉ ላይ ልቡ ስላለም ከልቡ ተነሥቶ ይሰነጠቃል። ለዛቢያ የሚሆነው ከግንድ የተፈለጠና ልቡ የወጣለት ነው።

ጠቡን ያበረዱት እንደገና የቢቸናው አናጺ ናቸው። በ19ኛው መልስ፣ ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት የተሰበረ ዘነዘና እንዳለ ጠይቅ አሉት። ዘነዘና ብዙ ጊዜ ከወይራ ይሠራል፤ ዓመታት በቤት ውስጥ ስለቆየ ደርቆ ያለቀ ነው፤ ከዚህ በኋላ አይኮማተርም። በመካከሉ ለሁለት ተፈልጦ ልቡ ያለበት ወገን ተጠርቦ ቢወገድ ከግማሹ ዛቢያ ይወጣል። ዘነዘና ከሌለም አጣጥ ወይም ክትክታ መልካም ነው፤ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፣ የሚቸግረው ቀጥ ያለና የሚበቃ ውፍረት ያለው ማግኘት ነው። ባሕር ዛፍን አልናቁትም፤ ግን መስመሩ የሚጠማዘዝ ስላለ ፈልጦ አይቶ መምረጥ ይገባል፤ እርጥቡን ጠርቦ ብረት መስካት ደግሞ በሳምንት ውስጥ የላላ መጥረቢያ መያዝ ነው። እርጥብ እንጨት ብቻ ከተገኘ ተፈልጦ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሰም ተቀብተው ወይም በላም እበት ተመርገው ከፀሐይ ርቆ በጥላ ይድረቅ። ከጫፍ ቶሎ ሲደርቅ ነው የሚሰነጠቀው።

20ኛው ሌላ ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ፤ በሁለት መስመር ብቻ ስለጻፈውም ብዙዎች አልፈውታል። ሚዛን ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም፣ ከፊት ወደ ኋላም ነው አለ። ይህ ብረት ጀርባው መዶሻ ስለሌለው ክብደቱ ሁሉ ከዛቢያው ፊት ነው። ዛቢያውን በተከፈተ መዳፍ ላይ ልል አድርገው ቢይዙት ስለቱ ወደ መሬት ይዞራል። ጀርባው መዶሻ ወይም ጋያ ያለው ቶማሃውክ ግን በጎኑ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ለዚህ ርዝመት መድኃኒት አይሆንም። መድኃኒቱ የዛቢያው ቅርጽ ነው፦ ክብ ከሆነ በላብ በረጠበ እጅ ውስጥ ይሽከረከራል፤ እንቁላል ቅርጽ ከሆነ ግን ሳያዩ እንኳ ስለቱ ወዴት እንደሚያይ መዳፍ ይነግራል። እኔ ይህን መልስ ከ5ኛው ቀጥዬ ነው የማየው። ሰዎች ተንቀጠቀጠብኝ፣ ጠመመብኝ የሚሉት መጥረቢያ አብዛኛውን ጊዜ ዛቢያው ረዝሞ ወይም አጥሮ ሳይሆን ክብ ሆኖ ነው።

23ኛው የባሕር ዳር ወጣት ነው። ቶማሃውክ ሲወረወር አይቶ ለውርወራ የሚሆነውን ርዝመት ማወቅ ፈልጎ ገባ። 24ኛው ከ40 እስከ 48 ሴንቲ ሜትር ያለው ለዚህ እንደሚለመድ፣ ከሦስት ሜትር ተኩል ከፍ ካለ ርቀት ሲወረወር አንድ ጊዜ ዞሮ በስለቱ እንደሚሰካ ነገረው። ዛቢያው ሲረዝም ዙሩ ዝግ ስለሚል ወርዋሪው ወደ ኋላ መራቅ አለበት። ለውርወራ የሚሆን ስለት እንደ ምላጭ መሳል እንደሌለበትና ከኢላማው ኋላና ጎን ሰው እንዳይቆም ማስጠንቀቁ ደግ ነው። ከዚያ 25ኛው ስለ ሽመልና ስለ ምክቶሽ አነሣ፤ በቅቤ እየታሸ እሳት ላይ የሚቃና ዱላ ሚዛኑ የት እንደሚያርፍ ማስረዳት ጀምሮ ወደ ልጅነት የጥምቀት ጨዋታ ገባና እዚያው ቀረ። 26ኛው ደግሞ ኢሮኮይ የሚባሉት ሕዝቦች የሰላማቸው ታሪክ ሲተረክ የጦር መሣሪያቸውን ከጥድ ሥር እንደቀበሩ እንደሚነገር ጠቅሶ፣ በጎጃም ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ ከሚያደርጉት ጋር አስተያየው። ጥሩ ወሬ ነው፤ ለብቻው ሌላ ቦታ ቢነሣ እኔም እሳተፍበት ነበር።

27ኛው ወደ ሥራው መለሰን። ዛቢያው ካለቀ በኋላ በተልባ ዘይት ይታሽ አለ። ተልባ በደጃችን የሚበቅል ነው፤ ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚደርቅ እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ውኃም በቀላሉ አያስገባም። ኑግም ይደርቃል፤ የሚዘገይ ይመስላል እንጂ ያገለግላል። ስስ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ሲደርቅ መድገም ነው፤ አንዴ አብዝቶ ማፍሰስ አይረባም። 28ኛው ታዲያ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ አንድ ጥግ ቢጣል ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁ ተዘርግቶ ደጅ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ይህን የማያውቅ አናጺ ብዙ ነው።

በ29ኛው መልስ አንድ ሰው መጥረቢያ ሲላላ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው አለ። ሁላችንም ቤት ሲደረግ ያየነው ነው። ማታ ባልዲ ውስጥ ይነከራል፣ ጠዋት ይጠብቃል፣ ሰውም ይደሰታል። 30ኛው ግን ለምን እንደሚጎዳ በሚገባ አብራራ። እንጨቱ ሲያብጥ ዙሪያውን ብረት ስለከለከለው ራሱን ይጨፈልቃል። ሲደርቅ የተጨፈለቀው አይመለስም፤ ስለዚህ ከበፊቱ ይበልጥ ይላላል፤ እንደገና ይነከራል፣ እንደገና ይላላል። ላይኛው ወፍራም በሆነ ዛቢያ ላይ ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ዛቢያውን ገልብጦ ወፍራሙን ጫፍ በጠንካራ ጉማጅ ላይ መታ መታ ማድረግ ወይም ብረቱን ወደ ላይ መሳብ ይበቃል።

31ኛውና የመጨረሻው የባለ ጥያቄው ነው። ዝም ብሎ ሲያነብ ከርሞ ሥራውን ጨርሶ ነው የተመለሰው። የተሰበረ ዘነዘና ከአክስቱ ቤት አግኝቷል፤ ለሁለት ፈልጦ፣ ልቡን አውጥቶ፣ በ58 ሴንቲ ሜትር ጀመረ። ከባሕር ዛፉ ላይ እየመለመለበት ሁለት ሁለት ጣት ሲያሳጥር 48 ላይ ቆመ። ከዚያ በታች ሊሄድ አስቦ የነበረ ቢሆንም የፍኖተ ሰላሟን ሴት አስታውሶ መጋዙን አስቀመጠ። በጣቱ ላይ ሲያጋድመው ከላይ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ተመጣጠነ። በመምህሩ ስሌት 10 መሆን ነበረበት፤ ልዩነቱ የመጣው ዛቢያው ከላይ ወፍሮ ከታች በመቅጠኑ ነው፤ ስሌቱ ውፍረቱን እኩል አድርጎ ወስዶ ነበርና። ወገቡ ላይ ሲሽጠው ጭኑን እንደማይነካው፣ ብረቱ ሥር አንገቱን ይዞ ሲጠርብበትም እንደማይከብደው ጽፏል። አናጺውን፣ መምህሩንና እትዬን በየተራ አመስግኗል።

አንድ ነገር ግን አበላሸ። ለደኅንነት ብሎ ከላይ በዛቢያው ጫፍ ላይ ረጅም ምስማር መታበት። ምስማር በጫፉ ሲገባ በመስመሩ መካከል ይሰነጥቃል፤ ስንጥቁ ዛሬ ባይታይ ብረቱ ሥር ተደብቆ ይሄዳል። ጫፉንም ስለሚያሰፋው አዲሱ ጫና ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ያርፋል። ብረቱን የያዘው የዛቢያው ቅርጽ ነው፤ አናጺው በ5ኛውና በ7ኛው መልስ የደከሙት ይህንን ለማስረዳት ነበር። ወንድሜ፣ ብረቱን አስቀድመህ ወደ ታች አውጣው፤ ምስማሩን በጉጠት ቀስ ብለህ እያወዛወዝህ ንቀለው፤ ቀዳዳውን ከዚያው ከዘነዘናው በተጠረበ ቀጭን ችካልና በማጣበቂያ ድፈነው። ሲደርቅ ጥላሸቱን ቀብተህ አንድ ጊዜ ፈትነው፤ ጥቁሩ ዙሪያውን እኩል ካረፈ ብረቱን መልሰህ ስቀለው።